አንገቷን የደፋች ሙሽራ

ጓደኛዬ ሲያገባ አንደኛ ሚዜውም የሙሽሮቹ መኪና ሹፌርም እኔ ነበርኩ። ሐዋሳ ደግሞ አደባባይ ያልዞረ ሰርግ አይሞቅም፤ ክላክሳችንን እያንባረቅን፣ ካሜራማኑ ከፊታችን ፒክአፕ ላይ ቆሞ እየቀረጸን፣ መዞር ጀመርን። አስፋልቱን ካፊያ መትቶታል። ለካሜራው ላምርለት ብዬ በፍጥነት ገባሁና መታጠፊያው መሃል ስደርስ ፈርቼ እግሬን ከቤንዚኑ ላይ ባንዴ አነሳሁት። የመኪናዋ ኋላ ሸርተት ብሎ ወደ ውጭ ወጣ! ሙሽራው የሚይዘው ቢያጣ የእኔን ኮሌታ ያዘ።

«ምነው ሚዜ፣ ልትጨርሰን ነው እንዴ?» አለች ሙሽራዋ። የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ናት፤ መንዳት ያስተማራት አባቷ ነው። «ሳትገባ በፊት ፍጥነት ቀንስ። ከገባህ በኋላ ቤንዚኑን እኩል ይዘህ ዙር፣ ስትወጣ ቀስ እያልክ ጨምር። ድንገት እንዳትለቀው!» ከዚያ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብላ እግሬን ትከታተል ጀመር። «ያዝ... ያዝ... አሁን ስጠው!» መኪናዋ ምንም ሳትንሸራተት ዞረች። ጣፈጠኝ! ደግመን ዞርን፣ ደግመን ዞርን፤ ሙሽራው «ኧረ ምሳ!» እስኪል ድረስ።

በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሰርጉን ካሴት ሲያይ የሙሽራው አክስት እንባቸው መጣ።

«የኔ ልጅ! ጨዋነቷን እዩልኝ፣ ያን ሁሉ ዙር አንገቷን ደፍታ፣ አንዴ እንኳ ቀና ሳትል!»

ሙሽራዋ አየችኝ፣ አየኋት። ሳቃችን እንዳያመልጠን ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።