ከመኪናው ሆድ ሥር የተሳለው ነብር

ነይ ግቢ ማቭሉዳ፣ ግቢ! እዚህ አጠገቤ፣ ፀሐይዋ የምትገባበት ጋ ተቀመጪ። ዱሻንቤ ተስማምቶሻል፣ ወዝሽ መጥቷል። ልጅሽስ ደህና ናት? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ? እሰይ፣ እሰይ! ያቺን ድንጋይ ያዢና ፍሬ እየፈለጥሽ አጫውቺኝ። ዘንድሮ አፕሪኮቱ እንዴት እንደያዘ አየሽ አይደል? ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ነው።

እነዚያ ማዶ፣ ከምሰሶው ሥር የተቀመጡት? እንግዶች ናቸው። ሽማግሌ ይዘው የእህቴ ባል ናዛርዶድ ዘንድ መጥተው… አትዙሪ እንጂ! ቀስ ብለሽ፣ ፍሬ እንደምታነሺ ሆነሽ። አየሽው ባለ ሰማያዊ ሸሚዙን? እንዴት ያለ ሸሚዝ ነው ባክሽ! በዚህ ሁሉ አቧራ ላይ መጥቶ አንዲት ብናኝ አላረፈችበትም። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ነው፣ ምንም ነገር አይነካውም…

እኔ ግን ስለ እሱ ምን አገባኝ? እሱ እንግዳዬ ነው፣ ክብሬ ነው። ላጫውትሽ የፈለግሁት ስለ አንድ ሌላ ልጅ ነው። ስሙ ጠፋኝ። ዕድሜ አይደል፣ ምን ታደርጊዋለሽ?

አንቺ ልጅሽ ዘንድ ሳለሽ የእህቴ ልጅ ሳቭሳን ታጭታ ነበር። አዎ፣ ቀለበት ሁሉ አድርጋ። ልጁማ ምን ይወጣለታል? ቁመናው፣ ፀጉሩ… በነፋስ መሐል ቆሞ እንኳ ፀጉሩ ንቅንቅ አይልም። ሩሻን ከተማ ላይ የስልክ ሱቅ አለው፤ ከፍ ያለች የጃፓን መኪናም አለችው። ከሁሉ በላይ ግን ምርጫ ያውቃል። የሸሚዝ፣ የሽቶ፣ የወንበር ልብስ… እንዲህ ያለ ዓይን አላየሁም።

መቼም የሸለቋችንን የባርታንግን መንገድ እኔ ለአንቺ አልነግርሽም። ግማሹ ድንጋይ ነው፣ ግማሹ ወንዝ ነው። ከሥር መከላከያ ብረት ያላሳሰረ መኪና ሆዱን ተዘርጥጦ ነው የሚመለስ። ልጁም ያንን ያውቃል፤ አስተዋይ ነው አልኩሽ እኮ። የሠርግ ልብስ ልንገዛ ኾሮግ ከተማ የምንሄድበት ሲቃረብ «መጀመሪያ መከላከያ ይታሰርላት» አለ። ናዛርዶድ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ መኪና የነዳ ሰው ነውና፣ አማቼ ይሆናል ብሎ አክብሮ «አባባ፣ አብረን እንምረጥ» አለው። እኔም ለጥርሴ ሐኪም ጋ ስለምሄድ አብሬ ተሳፈርኩ።

ኾሮግ ገበያ ውስጥ ሻጩ ብረቶቹን በግድግዳ ላይ ደርድሯቸዋል። ናዛርዶድን ታውቂው የለ? ሐብሐብ የሚመርጥ ይመስል እያንዳንዱን በጣቱ ያንኳኳ ጀመር። አንዱን ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ ብረት አነሳና «ይሄ ነው» አለ። «ከሞተሩ እስከ ካምቢዮው ይሸፍናል። ከሻንሲው ጋር ነው የሚታሰረው። ዘይት ሲቀየር የምትፈታበት ቀዳዳ አለው። ከሞተሩ ሥር ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ቢጎብጥ እንኳ ዘይት መያዣውን አይነካም።»

ልጁ በትሕትና ሰማው። ጆሮ አለው እኮ፣ መስማት መቼ አቃተው! ከዚያ ወደ ጥጉ ዞር ሲል አያት። ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ናት፣ መስታወት ይመስል የተወለወለች፣ መሐሏ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ የበረዶ ነብር የተሳለባት። ማቭሉዳ ሙች፣ ታምራለች! ግድግዳ ላይ ብትሰቅያት ቤትሽ ይደምቃል።

ናዛርዶድ «ልጄ፣ ይቺ የፊቱን ብቻ ነው የምትሸፍነው፤ ደግሞም ስስ ናት» አለ።

«አባባ፣ ጊዜው የቀላል ነገር ነው» አለ ልጁ። «ያ ብረት መኪናዋን ያከብዳታል።»

«ነብሩንስ ማን ያየዋል? ከሥር አይደለም እንዴ የሚታሰረው?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

መልስ ማለት ይሄ ነው! ሰው የማያየውን ውበት ለራሱ ብቻ የሚገዛ ስንት ወንድ አለ? ናዛርዶድ ጥቁሩን ብረት ወደ ግድግዳው መለሰ። እኔም ጥርሴን ይዤ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

ደግሞ ለራሱ ብቻ አላስቀረውም፣ ቸር ነው። እዚሁ ደጃችን መኪናዋን በክሪክ ብድግ አደረጋት፣ ከቤት የእህቴን ምንጣፍ አስወጣና ከሥሯ አነጠፈ። መንደሩ በሙሉ በየተራ በጀርባው እየተኛ ነብሩን አየ። የሃይማኖት አባታችን ኸሊፋው ሳይቀሩ! እኚያ ትልቅ ሰው ጥምጣማቸውን ለእኔ አስይዘው፣ ተንጋለው ገብተው፣ «ማሻአላህ፣ ቁጡ ነው» ብለው ወጡ። ሳቭሳን ብቻ ናት ያልተኛችው። ቆማ እያየች «ዘይቱን በየት በኩል ነው የምታስወጣው?» አለችው። ሳቀባት። «ሴት ልጅ ስለ ዘይት ስትጠይቅ ደስ ይላል» አለ። አየሽ? ሌላው ቢሆን ይቆጣት ነበር። እሱ ሳቀ።

ለሠርግ ልብሱ ጉዞ የጀመርን ዕለት ሳቭሳን ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ከዋዜማው ዘንቦ ስለነበር ተራራው ድንጋይ አራግፏል። ያ ጠባቡ ጥምዝ ጋ ስንደርስ አንድ የበግ ግልገል የሚያህል ድንጋይ መሐል መንገድ ላይ ተጋድሟል።

«ቁምና ውረድ፣ ገፋ እናድርገው» አለች ሳቭሳን።

«መከላከያ ያሰርኩት ለምን ሆነና?»

«ትልቅ ነው እኮ!»

«ነብሩ ይበላዋል፣ አትፍሪ።»

ነዳው። ግጭ! ወገቤ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ላሜራዋ እንደ ቂጣ ታጥፋ ወደ ላይ ገባች፤ ጥርስ ያለው ነብር አይደል፣ የነከሰው ግን ድንጋዩን ሳይሆን የራሱን ሞተር ሆነ። ትንሽ ሄድ እንዳልን የዘይቱ ቀይ መብራት በራ።

«ሞተሩን አጥፋ፣ ዘይት እየፈሰሰ ነው» አለች ሳቭሳን።

«ይቺ መብራት ውሸታም ናት» አለ።

ምን ዓይነት የረጋ ልብ ነው ባክሽ! መብራት ሲጮህበት የማይደነግጥ፣ ሚስቱ ብትጮህበትማ ጭራሽ እንቅልፍ የሚወስደው… ጥሩ ባል እኮ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ነዳ። ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር፣ እሱ ሬድዮውን ከፍ አደረገ። እንደዚያ እያልን ወንዙ መሻገሪያ ገባን፤ ልክ መሐሉ ላይ ስንደርስ ግርር ብላ ቀጥ አለች። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ነክሶ ቀረ። ውሃው ከበረዶ የቀለጠ ነው፣ በበሩ ሥር እየሾለከ ጉልበቴን መታኝ። ዱዓዬን አደረግሁ። «በቃ፣ ሠርጓን ሳላይ ወንዝ ሊወስደኝ ነው» ብዬ አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም።

ልጁስ? ቀልጣፋ ነው። በመስኮት ወጥቶ፣ በኮፈኑ ላይ ተራምዶ፣ ከፊት ወዳለው ቋጥኝ ዘሎ፣ ከቋጥኙ ወደ ዳር። ካልሲው እንኳ አልረጠበም። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እያየሁ አደነቅሁት። ጀግና ማለት እኮ መጀመሪያ ራሱን የሚያተርፍ ነው፤ እሱ ካልተረፈ ማን ወሬውን ይነግራል?

ከዳር ሆኖ ተጣራ። «ሳቭሳን!» አለ። ልቤ ሞቀ። አሁን ገመድ ይወረውርልናል አልኩ።

«ሳቭሳን! ጃኬቴ ከኋላ ወንበር ላይ ነው፣ ቆዳ ነው፣ ውሃ እንዳይነካው!»

እኔ ደግሞ ከጃኬቱ ጎን ነኝ። እኔ ቆዳ አይደለሁም፣ ውሃ ቢነካኝ ምን እሆናለሁ?

ሳቭሳንስ? በሩን በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችና ወረደች፤ ውሃው ወገቧ ድረስ ነው። «አክስቴ፣ አንገቴን ያዢ» አለችኝ። ይሄን ሁሉ ሥጋዬን አዘለችው። እግሯ ሲያዳልጣት ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትራመዳለች። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። አሸዋው ላይ አስቀምጣኝ፣ ሻርፗን ጨምቃ በእግሬ ላይ ጠቀለለችልኝ። ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ተመልሳ ገባች። «ኧረ ልጄ፣ ተይው!» ብል ማን ሰምቶኝ። ጃኬቱን ከፍ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጠብታ ሳታስነካው ወጣችና አጣጥፋ ሰጠችው።

«ተመልከተው፣ ደረቅ ነው» አለችው።

«አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ» አላት። አየሽ፣ ምስጋና ያውቃል! ለበሰው። ብርድ ነበራ።

እንደ ዕድል አይዳርማማድ፣ ያ ዱቄት የሚያመላልሰው ሰውዬ፣ በጭነት መኪናው ወደ ላይ እየወጣ ደረሰልን። ብርድ ልብሱን አልብሶ፣ የራሱን ሻይ አጠጥቶ ወደ ቤት መለሰን። ልጁ «መኪናዬን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብሎ ቀረ። ታማኝ ነው። ለመኪናው።

እኔ ሳምንቱን በትኩሳት ተኛሁ። ልጁ እንዴት አደርሽ አላለኝም፤ ሥራ ይበዛበታል። በኋላ በትራክተር ያወጣለት ሰው እንደነገረኝ፣ መኪናዋ ከውሃ እንደወጣች ሮጦ ከሥሯ ተኛ። ሞተሩን ሊያይ መስሎት ነበር ሰውየው። እሱ ግን «ነብሩ ተጫረ?» ነው ያለው። ነብሩማ አፉ ተጣሞ የሚስቅ መስሏል አሉ።

ለመንደሩ በሙሉ ሠርጉ ለመኸር ነው ሲል ከረመ። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ መፋቂያ ይሁን ማበጠሪያ ፍለጋ የጃኬቱን የውስጥ ኪስ ሲዳብስ… ቀለበቱ! ሳቭሳን ከወንዙ ስትመለስ እዚያ ከትታለት ኖሯል። እንዴት ያለች ጠንቃቃ ልጅ ናት፣ ከሁሉ ደረቅ የሆነውን ቦታ መርጣ አስቀመጠችለት። ልጁም ጨዋ ነውና አልተቆጣም፤ «ጥፋቱ የላሜራዋ ነው፣ ቀጭን ነበረች» ብሎ ላከብን።

ይሄው ነው ታሪኩ። ስሙን ባስታውስ እኮ እነግርሽ ነበር።

እስኪ ዝም በይ፣ እንስማ… ሽማግሌው ምን እያሉ ነው? «ዘንድሮ ወፍራሙን ብረት አሳስሯል፤ ከፊት እስከ ነዳጅ ታንከሩ የተሸፈነ ነው»? ሰማሽ ማቭሉዳ? ይሄ የዛሬው እንግዳችን እኮ ነው፣ የዛኛውን ልጅ ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ሰው ከሰው ስህተት ሲማር እንዴት ደስ ይላል! ለካ ያን ጊዜም የጎደለው ብረት ብቻ ነበር… እኛ ሌላ ነገር የጎደለ መስሎን ስንቆዝም ከረምን።

እንግዳው ምነው ቀላ? ሻዩ አቃጠለው መሰለኝ። እንደ ልማዳችን ሻዩ ላይ ቅቤ ጨምሩበት፣ ይለሰልሳል።

ይኸው ናዛርዶድ ሳቭሳንን ጠራት። ዱቄት በእጇ ላይ ነው፣ ሊጥ ላይ ነበረች። «ልጄ፣ የመጡበትን ታውቂያለሽ፣ ከአንቺ አፍ ይስሙት» አላት። ምን አለች? ቀስ ብላ ነው የምትናገረው…

«አባባ፣ መከላከያው ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ በእግሬ እሻገራለሁ» አለች።

ምን ዓይነት የተቀጣ አነጋገር ነው! አልጮኸች፣ አላዋረደች። ደግሞ እይያት፣ ደጅ ወጥታ የእንግዶቹን ጫማ አራግፋ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙራ እያስተካከለችላቸው ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት ማን ያደርጋል? አጎንብሰው ከማዞር አዳነቻቸው እኮ።

ኧረ ምነው፣ ተነሳችሁ? ሾርባው ሳይደርስ? በሉ እሺ፣ መንገዱ ሳይመሽ ይሻላል።

አንተ ልጄ፣ ና እስኪ ግንባርህን ልሳምህ። አላህ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። ድንጋዩን ከፊትህ ያንሳልህ፣ ውሃውን ያጉድልልህ። ዕድሜህን እንደ ፓሚር ተራራ ያርዝመው፣ ጤናህን ይጠብቅልህ። መኪናህን ከክፉ ዓይን ይሰውርልህ። ከጎንህ ያለውን ወንበር ደግሞ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ማንም ሳያቆሽሽብህ፣ እንዳማረበት እስከ እርጅናህ ያኑርልህ።

አሜን በል እንጂ!