ክንፉን በእጁ የዳሰሰው
በፈረንጆቹ 1996 በረዷማ ክረምት፣ ልጄ የተሳፈረችበት ወደ ቶሮንቶ የሚሄድ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ዘግይቶ ተነሣ። እሷን ሸኝቼ ወደ ሰፈሬ ፎረስት ሎን ስመለስ፣ ባሱ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሐበሾች ተቀምጠው ነበር፤ የኤርፖርት የሥራ ልብስ የለበሰ ወጣትና አንድ ሽማግሌ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሥራዬን ሳላጣ አልቀረሁም።»

«ምን አድርገህ?»

«የቶሮንቶውን አስቆምኩት። የበረዶ ማቅለጫው ተረጭቷል አሉኝ። ጓንቴን አውልቄ ክንፉን ስዳስሰው ግን ውርጭ አለ። ሱፐርቫይዘሩ ‹ምንም አይታይም!› ብሎ ጮኸብኝ።»

«እና?»

«እንደገና ይረጭ አልኩ፤ ተረጨ። ነገ ጠዋት ኦፊስ ና ተብያለሁ።»

«እኔ ደብረ ዘይት የአየር ኃይል መካኒክ ሳለሁ፣ ሩሲያዊው አስተማሪያችን በዚያ ፀሐይ ስለ ውርጭ ሲያስተምረን እንስቅበት ነበር።»

«ተዉ እንጂ ጋሼ፣ ደብረ ዘይት ውርጭ?»

«ሳቅ! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአገሩ ስንት አውሮፕላን በዚህ እንደወደቀ ይነግረን ነበር። ክንፉ ላይ ስስ ውርጭ፣ ከኋላ ‹ቶሎ በሉ› የሚል አለቃ። መካኒኩ አይቶ ዝም ይላል። ኋላ ጥፋቱ የሞተው ፓይለት ነው ተብሎ ይጻፋል።»

«እኔም እኮ ፈርቻለሁ። ሚስቴ እርጉዝ ናት።»

«ፈርተህም ተናግረሃል። ነገ ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?»

«በእጄ ነካሁት እላለሁ።»

«በቃ። ሌላ አትጨምር።»

ፔንብሩክ ፌርማታ ላይ ሁለቱም ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቄሱ ለጸሎት የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ የልጄን ነገርኳቸው፤ ክንፉን ለዳሰሰው ወጣት ግን የምሰጣቸው ስም አጣሁ።