ሻሿን ያወለቀችው ሴት

እማማ መርፌ ልብስ ሰፊው ዘንድ የገቡት የተቀደደ ኪሳቸውን ሊያሰፉ ነበር። መርፌ የተባሉት መስፋት ስለሚችሉ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሳቸው ስለሚወጋ ነው። ደጃፉን ገና ሲረግጡ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ተተክሎ ቀረ። ሃያ ቀይ ሻሽ ተደርድሯል።

«ይኼ ሁሉ ሻሽ የማን ነው?»

«የፊልም ነው እማማ። ያ የክር ፋብሪካው እሳት በፊልም ሊሠራ ነው። ሠሪዋም ይቺውና» አለና ጥግ ላይ ተቀምጣ ወረቀት የምታገላብጥ ወጣት አሳያቸው።

እማማ መርፌ በዚያ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ክር ሲቀጥሉ ኖረዋል። በእሳቱ ቀን ከነነፍሳቸው የወጡት አንዲት ሴት ስላስወጣቻቸው ነው። ያቺ ሴት ራሷ አልወጣችም።

«የእኛ ሻሽ ነጭ ነበር» አሉ።

ወጣቷ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። «ይቀመጡ እማማ። ነጭ እንደነበረ አውቃለሁ። ቀዩ ለካሜራ ያምራል ብዬ ነው።»

«ለማማሩማ ሬሳም በአበባ ያምራል። ለመሆኑ ዝምተኛዋን ምን አደረግሻት?»

ዝምተኛዋ ያቺው ሴት ናት። ስትናገር ስለምትንተባተብ ከሰው ብዙም አታወራም ነበር። ወጣቷ ወረቀቷን ገልጣ አነበበችላቸው፦ ዝምተኛዋ ወንበር ላይ ወጥታ «እኅቶቼ፣ ሕይወታችሁን አድኑ!» እያለች ትጮኻለች።

እማማ መርፌ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «እሷ! ስሟን ሲጠይቋት እንኳ ላብ የሚያጠምቃት! ደግሞስ ማን ሊሰማት? ሁለት መቶ ማሽን ሲንጓጓ የገዛ ሳልሽን አትሰሚም። እኛ የምናወራው በእጅ ነበር።»

«ታዲያ በምን አስወጣቻችሁ?»

«ሻሿን አወለቀቻ! ማሽን ፀጉር ይይዛል ተብሎ ሻሽ ማውለቅ ክልክል ነው። ራሷን የገለጠች ሴት ካየሽ ጉድ ፈልቷል ማለት ነው። ያን የመሰለ ፀጉሯን በትና ከረድፍ ረድፍ ሮጠች። ያየ ሁሉ ክሩን ጥሎ ወጣ። እሷ የቀሩትን ላምጣ ብላ ወደ ውስጥ ተመለሰች...»

ወጣቷ ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። «ይኼን ማንም አልነገረኝም እማማ። ግን ተመልካቹ የሻሹን ነገር ከየት ያውቃል? ጩኸት ለሁሉም ይገባል።»

«ካልገባው ይቅርበት! አንዲት ነገር ከተለወጠች ውሸት ነው፤ ውሸት ከሚሆን ፊልምሽም ይቅር!»

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አለ። «እማማ፣ ያን ቀን ዶፍ ይዘንብ ነበር እያሉ ነው ለሰፈሩ ልጆች የሚያወሩት። እናቴ ግን ልብስ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር ትላለች።»

«አንተ ስፌትህን ስፋ!» አሉት። ክብራቸው ተነክቷል። ሆኖም እማማ መርፌ ሌላውን እንደሚወጉ ራሳቸውንም መውጋት ያውቁ ነበር። «ፀሐይ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዝናቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከውጭ እየዘነበ ከውስጥ ሰው ተቃጠለ ስላቸው ልጆቹ ያለቅሱልኛል።»

«ዋሹ ልበል እማማ?» አለች ወጣቷ በትሕትና።

«ምን ሲደረግ! እንዲሰማቸው ብዬ ነው።»

«እኔም በእሳቱ የቀሩትን አምስት ሴቶች ወደ አንዷ የጠቀለልኩት፣ ከእሳቱ እስከ ቀብሩ ያለውን ሦስት ቀን በአንድ ቀን የጨመቅኩት እንዲሰማቸው ብዬ ነው። ሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉ ሰው አይገባም።»

እማማ መርፌ አንዱን ሻሽ አንሥተው እያፍተለተሉ አሰቡ። «እሺ፣ አምስቱም አንድ ይሁኑ፤ ዝናቡም ይዝነብ። እሷ ግን አትጩህ። የኔ ዝናብ ከማንም ምንም አልወሰደም። ያንቺ ጩኸት ግን የሷን ሥራ ወስዶ ለሌላ ሴት ይሰጣል። አፍ ያላት ሴት ብታስወጣንማ ምን ይገርማል?»

«ተመልካቹስ?»

«አስተምሪው! እኛንስ ማን አስተማረን? የተቀጠርኩ ዕለት ሻሼ ቢላላ፣ አለቃችን ደጃፉ ላይ ይዛ ሰው ሁሉ ፊት አዋረደችኝ። እሱን መጀመሪያ ላይ አስገቢው። ከዚያ ወዲያ ሻሽ ሲወልቅ የማይገባው ካለ፣ እሱስ ቤቱ ይተኛ።»

ወጣቷ እርሳሷን አውጥታ የጩኸቱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። «ሻሾቹንም በነጭ ጨርቅ እንደገና ስፋቸው» አለች ወደ ልብስ ሰፊው ዞራ።

«ሃያውንም?»

«የዝናቡ ቅጣት ነው» አሉት እማማ መርፌ።

ፊልሙ በታየ ቀን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አለቃዋ አዲሲቱን ልጅ ስታዋርድ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ ዝምተኛዋ እጇን ወደ ራሷ ስትሰድ ግን የሚተነፍስ ጠፋ። ነጩ ሻሽ ወደቀ። እሷ ትንፍሽ አላለችም፤ ከኋላ ወንበር አንዲት የማያውቋት ሴት «ኧረ ውጡ!» ብላ ጮኸች።

መጨረሻ ላይ ጽሑፍ መጣ። እማማ መርፌ ፊደል አይለዩም፤ ወጣቷ ጆሯቸው ሥር ሆና የአምስቱንም ሴቶች ስም አነበበችላቸው።

ያለፈውን ለምትተርኩ ሁሉ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ቦታው የነበረውን ሰው ጠይቁ፤ ከዚያ ያሻችሁን ዝናብ አዝንቡ። የሞተችው ግን የሠራችው አይነካባት። ቦታው የነበራችሁም ለሚጠይቃችሁ በሩን አትዝጉ፤ እናንተ ስታልፉ የሚናገርላችሁ ያ ፊልም ነው።

«ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ» አሉ እማማ መርፌ። «እሷን አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግናት ነበር የቀረሁት። ዛሬ አመሰገንኳት።»

ከአዳራሹ ሲወጡ ፀሐዩ ይፋጃል። ልብስ ሰፊው ክንዳቸውን ደግፎ ፊታቸው ርሶ ቢያይ ምን ሆኑ አላቸው።

«ዘንቦብኝ ነው» አሉት። «ለልጆቹም እንደዚሁ ነው የምነግራቸው።»