የአባቴ እንሰት በጀርመኖቹ ማህበር ፊት

እኛ ልጅ በነበርን ጊዜማ፣ ነጂማ የልጄ ልጅ፣ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ሹራብ ይዞ ነበር የሚሄደው፣ እኔ የሄድኩት እንሰት ይዤ ነው። አትሳቂ፣ ጻፊ። አባቴ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጎ ወጥቶ ጀርመን አገር ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ገብቶ ነበር፤ ታዲያ እናቴ ስትሞት፣ አላህ ይዘንላት፣ እኔን ወደ እሱ ሊልኩኝ ሆነ፣ እና ደብዳቤ ጻፈ፤ «ልጄ ናፍቃኛለች» የሚል አንድ መስመር አለው፣ የቀረው ሁሉ ስለ እንሰት ነው። «ችግኙን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉት፣ ዙሪያውን ልብሷን አድርጉበት።» እንግዲህ አስቢው፣ ልብሴ የሄደው እንሰቱ እንዳይበርደው ነው።

ከተማዋ ትልቅም አይደለች ትንሽም አይደለች። ወንዝ አላት፣ ወንዙ ጥቁር ነው። ሰማዩም ጥቁር ነው። ልብስ ነጭ ሆኖ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ አመድ መስሎ ይገባል። እና በዚያ ጭስ ውስጥ ሰዉ ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ ማህበር ያቋቁማል። ወላሂ። የርግብ አርቢዎች ማህበር፣ የመዝሙር ማህበር፣ የድሮ ባቡር ወዳጆች ማህበር። እኛ እድር የምንሰበሰበው ሰው ሲሞት ነው፣ እነሱ ርግብ ሲፈለፈልም ይሰበሰባሉ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዛል።

አባቴ ደግሞ የአትክልት ማህበር ገባ። ከፋብሪካው ግንብ ስር ለሠራተኛ የሚከራይ ቁራጭ ቁራጭ መሬት አለ፣ ሁሉም በየቁራጩ ላይ ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርቶ እሁድ እሁድ እዚያ ይውላል። አባቴ ፋብሪካ ውስጥ «አንተ፣ ና» የሚባል ሰው ነው፣ አውቶብስ ላይ ማንም አጠገቡ አይቀመጥም፣ እዚያች መሬት ላይ ሲሆን ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል፣ ልክ አገር ቤት መስቃን እርሻው ላይ እንዳለ። ያቺን መሬት ቢቀሙት ምን ይሆናል እያልኩ እፈራ ነበር።

ፈሪ ነበርኩ ብልሽ ታምኛለሽ? አንድ ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ አፌን አልከፈትኩም፣ ሽንቴ ቢመጣ እንኳ እጄን አላወጣም። ታዲያ አንድ ቀን መምህሯ የከተማዋን ታሪክ ስትጠይቅ የአገሩ ልጆች ጣራ ጣራ ያያሉ፣ እኔ ከፍርሃቴ ብዛት መጽሐፉን በቃሌ ሸምድጄዋለሁ፣ እና ተነሳሁና የድንጋይ ከሰሉ እንዴት እንደተገኘ፣ ፋብሪካው እንዴት እንደተተከለ፣ ከተማዋ በጦርነቱ እንዴት እንደነደደች እንዳለ ዘረገፍኩት። መምህሯ አጨበጨበች። ከዚያ ወዲህ ዝም በይ ቢሉኝ ዝም የምል ሰው አልሆንኩም፣ አያትሽን ጠይቂው።

የማህበሩ ሊቀመንበር ሄር ፎግል ይባላል፣ ሄር ማለት አቶ ማለት ነው። ቀጭን ነው፣ ሜትር ከኪሱ አይጠፋም። የቅጠል አጥር ከደረት በላይ ካደገ ባለቤቱን ጥፋተኛ ብሎ ይጽፋል፣ ከምሳ በኋላ መዶሻ ከተሰማ ይጽፋል። እዚያች መሬት የተከልናቸው እንሰቶች ደግሞ የግንቡ ሙቀት ተስማማቸውና በጥቂት ዓመት ከእንጨት ቤቱ በላይ አለፉ። ሄር ፎግል መጣ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ እንደገና ዞረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው» አልኩት።

«ፍሬው የታለ?»

«ፍሬው አይበላም።»

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠሉም አይበላም።»

«እንግዲያው ጌጥ ነው። ደንቡ ከመሬቱ ሲሶው ለምግብ ይሁን ይላል፣ እናንተ ጌጥ ተክላችሁበታል። ወይ ይነቀላል ወይ መሬቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እሁድ ስብሰባ ላይ ይወሰናል።»

አባቴ ጀርመንኛው እንጨት እንጨት ነው የሚለው፣ «ምን አለ?» አለኝ።

«ጌጥ ነው አለ።»

«ጌጥ? አባቶቼን ያሳደገውን? በይ ንገሪው፣ እንሰት የማያውቅ ሆድ ሆድ አይደለም፣ ስልቻ ነው። እሱም ስልቻ ነው፣ አባቱም ስልቻ ነበር በይው።»

እኔ ወደ ሄር ፎግል ዞርኩና «አባቴ ስለመጡ ያመሰግናል፣ እሁድ እንመጣለን ይላል» አልኩ።

ሄር ፎግል አባቴን ከላይ እስከ ታች አየና «ሲያመሰግን እንደዚህ ነው የሚጮኸው?» አለ።

«እኛ አገር ምስጋና በለሆሳስ ነውር ነው» አልኩት።

ታዲያ ምን እናድርግ? አባቴ «ካላመኑ አብልተን እናሳምናቸው» አለ። ቆጮ እንዳንል ተፍቆ፣ ተቀብሮ፣ እስኪብላላ ስንት ሳምንት ይፈልጋል፣ እሁድ አይደርስም። አሚቾ ግን ይደርሳል፣ አሚቾ ማለት ያው ሥሩ ነው፣ ተቆፍሮ እንደ ድንች ይቀቀላል። አባቴ አንዱን እንሰት ቆፍሮ ጣለልኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፣ መፋቁ መክተፉ የሴት ሥራ ነው፣ ወንድ አይነካውም።

«አባባ፣ እዚህ ማን ያይሃል?»

«አላህ ያያል፣ አገር ቤት ያለው አጎትሽም ይሰማል።»

ጎረቤታችን ኦቶ የሚሉት፣ ጡረታ የወጣ ብረት አቅላጭ ነው፣ ዝሆን የሚያህል ሰው፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ያንን የሚያህል ሥር ስከትፍ አየና «ልጅቷ ትሠራለች፣ አባትየው ሰማይ ያያል፤ ደህና፣ እናንተም እንደ እኛ ናችሁ» አለ።

እሁድ ሆነ፣ ድስቱን በጋቢ ጠቅልዬ አዳራሽ ገባን። ሰዉ ሁሉ ቢራውን ይዟል፣ አባቴ ቢራውን ሽሽት መስኮቱ ስር ተቀመጠ። ከእኛ በፊት የዋናው በር ቀለም ጉዳይ ነበረ፤ አረንጓዴ ይሁን ወይስ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። በዚህ ላይ ሰው እስኪኮራረፍ ተከራከሩ። ከአጠገባቸው ያለው ፋብሪካ ጥላሸት እያራገፈባቸው እኮ ነው፤ ስለ ጥላሸቱ አንድ ሰው አልተናገረም።

የእኛ ተራ ሲደርስ ሄር ፎግል ደንቡን አነበበ። አባቴ በክርኑ ነካ አደረገኝ፣ ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ይዤ ነው የቆምኩት።

«ሄር ፎግል፣ ይሄ መሬት ለሠራተኛው ለምን ተሰጠ?»

ደንቡን ያገላብጥ ጀመር።

«የሠራተኛ ልጅ እንዳይራብ ነው፣ መጽሐፋችን ላይ አለ። በጦርነቱ ረሃብ ጊዜ ጽጌረዳ ነቅላችሁ ድንች የተከላችሁት እዚሁ ነው። ድንች ከላይ የሚያፈራው ፍሬ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ቅጠሉስ?»

«አይበላም፣ ግን...»

«እንግዲያው ድንችም ጌጥ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞቀ። ኦቶ ተነሳ፣ ወንበሩ ጮኸ። «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለ፣ «ፎግል፣ ያንተን አባት በዚያ ረሃብ ያበላችው እናቴ ናት፣ በዚህ መሬት ድንች። ሳህኗን ሳይመልስ ሞተ።»

ከዚያ ድስቱ ተከፈተ፣ አሚቾውን በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረብኩ። ሚጥሚጣውን በጥቂቱ ይንኩ ብዬ ነበር፣ ሄር ፎግል ግን እንደ ስኳር ነሰነሰው። ቀላ። ላበው። መነጽሩን አወለቀ፣ እንባውን ጠረገ፣ እና ሁሉም እያየው ደግሞ ጎረሰ።

«ድንች ነው» አለ በመጨረሻ፣ «የተናደደ ድንች ነው እንጂ ድንች ነው።»

ድምፅ ተሰጠ፣ እጅ ወጣ፣ መሬቱ የእኛው ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይ «እንሰት፦ ከድንች ጋር ይቆጠራል» ተብሎ ተጻፈ፤ ከድንች ይቆጠር ወይስ ከቀይ ሥር በሚለው ደግሞ ሌላ ቢራ ተጠጣ። አባቴ ያን ቀን አውቶብስ ላይ ቆሞ ነው የሄደው፣ ባዶ ወንበር እያለ፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ኦቶ ሆዬ በሚቀጥለው ስብሰባ «ሸምሱ መሬት የሚያውቅ ሰው ነው» ብሎ አባቴን የአጥር ተቆጣጣሪ አስመረጠው። ወር አልሞላውም፣ አባቴ ኮት ለብሶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ በየአጥሩ ይዞር ጀመር። መጀመሪያ ማንን ጻፈ በይኝ።

ኦቶን።

«አባባ» አልኩት፣ «ኦቶ እኮ ነው ያዳነን።»

«መሬቱን አድኗል፣ አልካድኩም። አጥሩ ግን ከደረት በላይ ነው።»

«ከማን ደረት?»

«ከእኔ።»

አባቴ ደግሞ ቁመቱ እዚህ ድረስ ነው፣ የኦቶ ብብት ስር የሚገባ ሰው። ምን ይደረጋል፣ ኦቶ አጎንብሶ አጥሩን ቆረጠ፣ ደንብ ነዋ።

ይኸውልሽ፣ ጀርመን በይው ቡታጅራ በይው፣ ሰው ፍትሕ ፍትሕ የሚለው ወንበሩ እስኪደርሰው ነው። ጻፍሽው? ምነው እስክሪብቶውን አስቀመጥሽው?

«አያቴ፣ እኔንም እኮ ሰኞ ለት የክፍል አለቃ አድርገው መረጡኝ።»

ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? አንቺ፣ ስምሽ ሲጠራ አቤት ማለት የምትፈሪው? ማሻአላህ። የሚረብሽ ተማሪ ስም ትጽፊያለሻ?

«እጽፋለሁ።»

እስካሁን ማንን ማንን ጻፍሽ?

«ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ እኔን ለአለቅነት የጠቆመችኝ ናት።»