ቦንቱን ማን አራቆታት?

በሚያዝያ ፀሐይ፣ በአዳማ ከተማ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ዚፑን እስከ አገጩ የዘጋ ሰው ካያችሁ ወይ ታሟል፣ ወይ የሚሸሸው ነገር አለ። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ወጥቼ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጅ ስጠብቅ ያየኋት ልጅ ግን የታመመች አትመስልም ነበር። ሶረቲ ነበረች፤ የግቢ ጎረቤቴ የአዴ ቡዜ የወንድም ልጅ።

እኔ ሱሃይላ እባላለሁ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሶረቲ ተማሪዬ ነበረች፤ የከተማው ወጣት ሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን ውስጥም ትጫወታለች። ኳስ ይዛ ስትዘል አየር ላይ የምትቆይበትን መንገድ ስለ ውርወራ ሳስተምር በምሳሌነት እጠቅሰው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ መሆን እንደነበረባትም አውቃለሁ።

«ዛሬ ልምምድ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አለ ቲቸር። እኔ ነኝ የተውኩት።»

አብረን የተሳፈርንበት ባጃጅ ውስጥ ሌላ ሰው ስለነበር አልጨቀጨቅኳትም። ወርደን ወደ ግቢያችን ስንሄድ ግን እርምጃዋን ቀነስ አደረገችና ራሷ ጀመረችልኝ።

«ቶሌራ የሠራውን ጌም አይተውታል?»

ቶሌራ ታላቅ ወንድሟ ነው። በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቆ ጋሮምሳ ከሚባል ጓደኛው ጋር የስልክ ጌም ይሠራል። «ሩጪ ቦንቱ» ይባላል። ቦንቱ የምትባል ልጅ ለታመመች እናቷ መድኃኒት ይዛ ከአዳማ እስከ ቡልቡላ ትሮጣለች፤ በዓለም ጤና ከተማ ዙሪያ ያለውን የሽንኩርት ማሳ ታቋርጣለች፣ በግራሩ መካከል ትሹለከለካለች፣ በሐይቅ ዳር ትዘላለች። ስሙን ሰምቼ ነበር እንጂ ከፍቼ አላየሁትም።

«ቦንቱ እንዴት እንደምትሮጥ ለማወቅ ሜዳ መጥቶ በስልኩ ቀረጸኝ» አለች ሶረቲ። «ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዝላይዋ የኔ ነው። ላቧን በክንዷ የምትጠርገው እንደኔ ነው። ሹሩባዋም የኔ ነው። ገላዋ ግን የኔ አይደለም ቲቸር። ደረቷን እንደ ፊኛ ነፍተውታል። የለበሰችው ጨርቅ ለመሀረብ አይበቃም። ቆማ ስታርፍ ደግሞ ካሜራው ይዞርና ከኋላዋ ይቆማል። የሰፈሩ ልጆች እኔ መሆኔን በሩጫዬ አወቁ። አሁን ኳስ ይዤ ስዘል ‹ቦንቱ፣ እስቲ ዙሪ› ይሉኛል። ስልካቸውን አንስተው ይጠብቁኛል።»

«ለወንድምሽ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም። ጨዋታ ነው ይለኛል። ለአዳዳ ብነግራት ደግሞ ላፕቶፑን ትሰብረዋለች፤ እኔንም ከቤት አትወጪም ትለኛለች።»

አዳዳ የምትላት አክስቷን አዴ ቡዜን ነው። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ሁለቱንም ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ከዓለም ጤናና ከመቂ ሽንኩርት እያመጡ በአዳማ ገበያ በመሸጥ ነው ያስተማሯቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ሴት ናቸው።

የፈራችው ነገር ቀድሞን ቤት ደርሶ ኖሯል። በሩ ላይ ስንደርስ የአዴ ቡዜ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቶሌራ ቅዳሜ ላንጋኖ በሚገኝ ሆቴል ወጣት የቴክኖሎጂ ሠሪዎች ሥራቸውን በሚያሳዩበት ዝግጅት ላይ እንዲቀርብ ተጋብዞ፣ ይመርቁኝ ብሎ ፊታቸው ቀርቧል። እሳቸው ግን ገበያ ውስጥ አንዲት ጓደኛቸው የጌሙን ሥዕል ከልጇ ስልክ ላይ አሳይታቸዋለች።

«አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ ቲቸር፣ ግቢ። የተማርሽ ሰው ነሽ፣ ፍረጂን» አሉኝ ወንበር እየሳቡልኝ። «እኔ ይህን ልጅ በሽንኩርት ነው ያስተማርኩት። ራቁት ሥዕል እንዲነግድ ነው እንዴ? በዚህ ሥራ ላይ ‹ጌታ ይባርክህ› ብዬ እጄን አልጭንም።»

ቶሌራ ረጋ ብሎ መለሰ። «አዳዳ፣ እርስዎን ማሳዘን አልፈልግም። ነገር ግን ይህች ሴት ሰው አይደለችም፤ ሥዕል ናት። ማንም አልተጎዳም። መጀመሪያ ቱታ አልብሰናት ነበር፤ ጌሙን ወደ ስልኩ የሚያወርድ ሰው ጠፋ። ልብሷን ስንቀንስ ሰው ጎረፈ። ከውጭ የሚመጡት ጌሞች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ገበያው የሚለውን ካልሠራን እንራባለን።»

«ገበያ የሚለውን?» አሉ አዴ ቡዜ። «እኔም ገበያ ነኝ። ሽንኩርቱ ላይ ውሃ እያርከፈከፍኩ ብሸጥ ሚዛን ይደፋልኝ ነበር። አላደረግኩትም። አልተራባችሁም።»

«ጌም ውስጥ ያሉትን ወንዶችስ ለምን አይሉም?» አለ ቶሌራ። « እነሱም እኮ ጡንቻቸው እንደ ተራራ ነው የሚሣለው።»

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ቶሌራ፣ ልጠይቅህ። የወንዱ ጡንቻ ድንጋይ ሊያነሳበት፣ ጠላት ሊጥልበት ነው። ለሥራው ነው የተጨመረለት። ለቦንቱ የጨመራችሁላት ነገር ለየትኛው ሥራዋ ይጠቅማታል? እንዲያውም እንደዚያ ሆና መሮጥ ትችላለች? ጫማዋን አሳየኝ እስቲ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ባለ ተረከዝ ጫማ ነበር። አዴ ቡዜ አንገታቸውን አስግገው አዩና ቁጣቸውን ረስተው ሳቁ። «መስኖ በጠጣ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ በዚህ ጫማ? ልጄ፣ ተረከዟ ተቀብሮ እዚያው ትቀር ነበር። እናቷም መድኃኒቱን አታገኝም ነበር።»

ቶሌራም ፈገግ አለ፤ ግን አልተረታም። «እሺ፣ ጫማው ስህተት ነው። ነገር ግን ገላ ማሳየት ራሱ ነውር ከሆነ፣ በድሮ ዘመን የኛው አገር ሴቶች ቆዳ ለብሰው፣ ደረታቸውን ሳይሸፍኑ ወንዝ ይወርዱ አልነበር? እሱን ባህል እንለዋለን፤ የኔን ግን ኃጢአት።»

አዴ ቡዜ ቁምነገር እንደተናገረ አውቀውለታል። «ነበር» አሉ። «አያቴ እንዲያ ነበረች። ነገር ግን እሷ ውሃ ቀድታ ትመለሳለች፣ መንገደኛውም መንገዱን ይሄዳል። እየተከተለ ከኋላዋ የሚቆም አልነበረም። ቢኖርም በዱላ ነበር የሚመለሰው።»

ሳያውቁት የነገሩን ሥር ነክተውት ነበር። ችግሩ የጨርቁ ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨርቅ በመጨመር ያልቅ ነበር። የሚያዋርደው ግን አንዲትን ሴት ሥራ ላይ ሳለች ሥራዋን ትቶ ሰውነቷን ብቻ የሚከተል ዓይን ነው። ይህን ልናገር ስል አዴ ቡዜ ፊታቸውን ወደ ሶረቲ አዞሩ።

«አንቺም ብትሆኚ ይህን ኳስ ተዪው። በቁምጣ ወንዶች ፊት መዝለል ምን ያመጣል? ዛሬ ሥዕል ነው፣ ነገ በአንቺ ይሆናል።»

ሶረቲ እስከዚያ ድረስ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ጃኬቷን አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«በእኔ ሆኗል አዳዳ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ፣ የሜዳውን ልጆች፣ የሚያነሱትን ስልክ፣ «ዙሪ» የሚለውን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ከዚያም፦ «አንዱ ያለ ፈቃዴ አራቆተኝ። ሌላዋ ደግሞ በዚያ ምክንያት ልትዘጋብኝ ነው። ሁለታችሁም ትወዱኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን ሁለታችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

ቶሌራ ፊቱ ተለዋወጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥዕል ናት ትለኛለህ ብዬ ነው። አሁንም ስትል ሰማሁህ።»

«አንቺን አስቤ አይደለም እኮ የሣልኳት። ሩጫው ብቻ ነው ያንቺ።»

«እሺ፣ ተጫወተው» አለችው። «አሁን፣ እዚሁ፣ አዳዳ ጎን ተቀምጠህ።»

ቶሌራ ላፕቶፑን ከፍቶ ጀመረ። ቦንቱ ከአዳማ ወጣች፤ ማሳውን በዚያ ጫማ አቋረጠች፤ አንድ ምንጭ ዳር ደረሰችና ልታርፍ ቆመች። ላቧን በክንዷ ጠረገች። አጠራረጓ የሶረቲ ነበር፤ እኔም ከክፍሌ አውቀዋለሁ። ካሜራው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቶሌራ ላፕቶፑን ከደነው። እጁን ክዳኑ ላይ እንዳደረገ አንገቱን ደፋ።

«ስሠራው የማስበው ስለማያውቁኝ ወንዶች ነበር» አለ። «ምን ይወዳሉ፣ ምን ያቆያቸዋል እያልኩ። የምትጫወተው ሴት ትኖር ይሆን ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ሶረቲ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለነገርሽኝም አመሰግንሻለሁ። ባትነግሪኝ ኖሮ ላንጋኖ ድረስ ይዣት ሄጄ በሰው ፊት ላዞራት ነበር።»

«ታዲያ አሁን ድሪቶ አልብሰህ እንዳትደብቃት» አለችው። «እኔ ስጫወት የምለብሰውን አልብሳት። ቁምጣ፣ ማልያ፣ የሩጫ ጫማ። እግሬ ለመሮጫ ነው፤ እሱ አያሳፍረኝም።»

አዴ ቡዜ ቁምጣ የሚለውን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ እኔ አዩ። «ምን ትያለሽ ቲቸር?»

«ልጅቷን የጎዳት ቁምጣው አይደለም አዴ ቡዜ። ሜዳውን ብንከለክላት የሚቀጣው ጥፋተኛው ሳይሆን የተበደለችው ናት።»

አዴ ቡዜ የሶረቲን ጃኬት ከወንበሩ ላይ አንስተው አጣጠፉት። «እንግዲህ» አሉ፣ «ሌባ ሽንኩርቴን ቢሰርቀኝ ገበያ መሄዴን አልተውም። ሂጂ ልጄ። ተጫወቺ።»

በማግሥቱ ቶሌራ ከጋሮምሳ ጋር ተጨቃጨቀ። ጋሮምሳ «ዝግጅቱ ሊደርስ አሁን ሥዕል እንቀይር? ሰው የሚያውቃት በዚያ መልኳ ነው» ብሎ ነበር። ቶሌራ ሜዳው ላይ የሆነውን ሲነግረው ግን «ሶረቲ መሆኗን እኔም ረስቼው ነበር» ብሎ ሥራውን ተካፈለው።

ከዚያ ይልቅ ያስደነቀኝ ቶሌራ ሜዳው ድረስ መሄዱ ነው። እነዚያን ልጆች ሰብስቦ፣ «ይህችን ሥዕል የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። እየቀየርኳት ነው። እናንተም ተዉ» አላቸው። አንዳንዶቹ አፈሩ፤ አንዱ ሳቀበት። የሳቀውን አሠልጣኟ ከሜዳው አስወጣችው። ለከፋው በአንድ ቀን አልቆመም፤ ግን ሶረቲ ኳሷን ይዛ ወደ ጎሉ ስትሮጥ ወንድሟ አጥሩ ዳር ቆሞ ነበር። በዚያ ሳምንት እንደገና ቀረጻት፤ አሁን ግን ምን እንደሚሠራ እያሳያት፣ እሷም «ይህን ተወው፣ ይህን ያዘው» እያለችው።

ቅዳሜ ላንጋኖ አዴ ቡዜም እኔም አብረን ሄድን። ቶሌራ ሲያቀርብ አንድ ሰው ተነስቶ፣ የድሮዋ ቦንቱ ዓይን ትስብ ነበር፣ ለምን ለወጣችኋት ብሎ ጠየቀ።

«ዓይን ትስብ የነበረው እንድትታይ ብቻ ተደርጋ ስለተሠራች ነው» አለ ቶሌራ። «አሁን የምትሮጥ ሰው ናት። ይህን ያስተማረችኝ እህቴ ናት፤ እዚያ ተቀምጣለች፤ በእናንተ ፊት ላመሰግናት እፈልጋለሁ።»

የመጀመሪያውን ሽልማት ሌሎች ወሰዱት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጌሙን የሚያወርደው ሰውም ቀነሰ፤ ጋሮምሳ ማማረሩን አልደብቅም። ነገር ግን ቀስ በቀስ ሌላ ዓይነት ሰው መጣ። በላንጋኖው ዝግጅት ላይ የነበረች ዱሬቲ የምትባል የቡልቡላ መምህርት ተማሪዎቿ ከትምህርት በኋላ እየተቀባበሉ እንደሚጫወቱት ጻፈችላቸው። ከልጆቻቸው ስልክ ላይ አጥፍተውት የነበሩ እናቶች መልሰው ፈቀዱ። አዴ ቡዜ እንኳ ገበያ ውስጥ «የኛ ልጅ ነው የሠራው» ማለት ጀመሩ፤ ያቺ ሥዕሉን ያሳየቻቸው ጓደኛቸውም አፏን ዘጋች።

እኔ ከዚህ የተማርኩትን ለአንባቢ ልንገር። ጌምን በጅምላ የሚያወግዝ ሽማግሌ ግማሽ እውነት ይዟል፤ ነፃነት ነው እያለ ሁሉን የሚያልፍ ወጣትም ግማሽ ይዟል። ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙት የምትሣለውን ሴት ራሷን ስንጠይቅ ነው። በጨዋታ ውስጥ ሴትን እንደ ሰው ብንሥል ልጃገረዶች ራሳቸውን በሥራቸው ያያሉ፣ ወንዶች ልጆችም ማክበርን እየተጫወቱ ይለምዳሉ፣ ወላጅም ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ አጠገባቸው ይቀመጣል።

በግንቦት ቡድኑ ለክልል ውድድር ወደ አሰላ ሲሄድ ሦስታችንም ልንሸኛት መናኸሪያ ወጣን። አዴ ቡዜ ለስንቅ የገብስ ጭኮ በዕቃ ሞልተው ሰጧት፤ ግንባሯን ይዘው መረቋት። ቶሌራ ቦርሳዋን አውቶቡሱ ላይ ጭኖ ከመውረዱ በፊት፣ «ገለቶሚ ሶረቲ» ብሎ አመሰገናት። «ሁልጊዜ አልለውም፤ ግን ሁልጊዜ አስበዋለሁ።»

ሶረቲ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ስመለስ ደግሞ ስወድቅ ቅረጸኝ» አለችው። «ቦንቱ ስትወድቅ አሁንም ታምራለች። ሰው ሲወድቅ አያምርም። አፈር ይበላል፣ ከዚያ ይነሳል።»

ቶሌራ ሳቀና እሺ አላት። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አዴ ቡዜ እጃቸውን እያውለበለቡ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ተመስገን» ሲሉ ሰማኋቸው።