ከሦስት በላይ አልሰጥም ያልኩበት ዓመት

በእኛ ጊዜ ልጄ፣ ሰው ፊት ለፊት አይመሰገንም ነበር። ማን ያመሰግንሻል? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎረቤላ ገበያ ልኮኝ፣ ያዘዘኝን ሁሉ ገዝቼ፣ አንድም ሳይጎድል ይዤ ስመለስ፣ ዕቃውን ያገላብጥና "እህ" ይላል። "እህ" ብቻ ነው፣ አለቀ። እኛ ታዲያ ያቺን "እህ" ይዘን ደስ ብሎን እንውላለን። እና እኔም በዚያው አደግሁ፣ እናንተንም በዚያው አሳደግሁ። አትሳቂ እንጂ ሰናይት! እናትሽ እየነገረችሽ ትስቂያለሽ? ስልኩን ቀረብ አድርጊው፣ ድምፄ ይግባ። የምነግርሽ ደግሞ የጥንቱን እንዳይመስልሽ፤ የቅርቡን ነው፣ ጡረታ ልወጣ ዓመት ሲቀረኝ የሆነውን ነው።

ያን ጊዜ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያቺ ትንሿ የምንጣፍ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ መራጮች አለቃ ነበርኩ። የበግ ፀጉሩ ከመንዝ በጆንያ ይመጣል፣ እንደተሸለተ ነው የሚመጣው፣ ከነጭቃው ከነጭጎጊቱ። እኛ ታዲያ ጠረጴዛ ላይ እንዘረግፈውና ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ዳለቻውን ለብቻ፣ ረጅሙን ካጭሩ እንለያለን፣ እሾሁን እንለቅማለን፣ በጠጡን፣ የደረቀ ኩሱን ማለቴ ነው፣ እንለቅማለን። ሥራው የእጅ ነው፣ ዓይን አይበቃውም። እጅሽ ካላወቀ አታውቂውም። ስምንት ሴቶች ነበሩ ከእኔ ሥር፣ ከነሱ አንዷ ሐዋ ናት።

ሐዋ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት። ከዚያ ከሙቁ አገር ወጥታ እዚህ ብርድ ውስጥ ስትገባ፣ የመጀመሪያውን ክረምት ሦስት ሹራብ ደርባ ነው የከረመችው፣ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ እሰማው ነበር። ባሏ ትቷት ሄዷል፣ ሴት ልጇን እናቷ ዘንድ ትታለች። እና ሐሳቧ አንድ ነው፦ ልጄን አምጥቼ እዚህ ትምህርት ቤት አስገባለሁ ነው። ግን ቋሚ ሠራተኛ አይደለችም፣ ኮንትራት ናት። አራት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ነው የሚያድሱላት። በየሦስት ወሩ "ይታደስ ይሆን? አይታደስ ይሆን?" ታዲያ እንዲህ ሆኖ ማን ልጅ ያመጣል? ቤትስ ማን ያከራያል?

እጇ ግን! ወይ እጇ! አንድ ቀን ምን ሆነ መሰለሽ፣ ጆንያው ተዘርግፎ ሁላችን እየለቀምን፣ እሷ እጇን ከሱፉ ሥር ሰደደችና ቀጥ አለች። "ምነው?" አልኳት። "እትዬ፣ ብረት አለ እዚህ ውስጥ" አለች። "የታለ?" ብል አይታይም። ፈልፍላ ፈልፍላ የተሰበረ መቀስ ግማሹን አወጣች። ሲሸልቱ ተሰብሮባቸው እዚያው ቀርቶ ነው። ያ ብረት ወደ ማበጠሪያው ማሽን ቢገባ ጥርሱን ሙልጭ ያደርገው ነበር፣ ማሽኑ ከቆመ ደግሞ ሁላችንም ቤታችን ነን። እና እኔ ምን አልኳት? ገምቺ እስቲ። "እሺ፣ በይ ወደ ሥራሽ" አልኳት። በልቤ እኮ "እሰይ የኔ አንበሳ!" ብያለሁ። በልቤ።

ታዲያ ያን ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ ከአዲስ አበባ፣ ብሩክ የሚባል ገና ልጅ እግር፣ ሲሄድ የሚሮጥ። ሰበሰበንና "ከዘንድሮ ጀምሮ ምርጥ ሠራተኛ እንሸልማለን" አለ። አጨበጨብን። "ከኮንትራት ሠራተኞች አንደኛ የሚወጣው ቋሚ ይሆናል" አለ። ይሄኔማ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና "የሌሎቹ ኮንትራት ግን ከሐምሌ በኋላ ላይታደስ ይችላል፣ ሥራው ቀንሷል" አለ። እልልታው እዚያው ቀረ። ሐዋን አየኋት፣ መሬት መሬት ታያለች።

እና ለየአለቃው ወረቀት ታደለ። አሥር ጥያቄ ነው፣ "ትጋት"፣ "የሥራ ጥራት"፣ "ከጓደኞቹ ጋር ያለው መግባባት" እያለ ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ ከአምስት ነው የምትሰጪው። እኔ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። የሐዋን ስም ጻፍኩ። "ትጋት።" ሦስት። "የሥራ ጥራት።" ሦስት። አሥሩንም ሦስት!

"ለምን?" አትዪኝም? ጠይቂኝ እንጂ! እኔ በቤቴ ሦስት ማለት ትልቅ ነገር ነው። አምስት የእግዚአብሔር ነው፣ አራት የቅዱሳን ነው፣ ለሰው ሦስት ሲሰጠው ምን ጎደለበት? ደግሞ አምስት ብሰጣት ነገ ምን ልትጨምር ነው? ደግሞ ዓይን አለ፣ ሰው ሁሉ "አምስት አገኘች" ብሎ ሲያያት ዓይን ቢያርፍባትስ? እና እሷን ጠብቄ፣ ወድጄ፣ ሦስት ሰጠኋት። ለሌሎቹ ሁለት ነው የሰጠሁት እኮ! እሷ ብቻ ናት ሦስት ያገኘችው! የልቤን የነገርኳት መስሎኝ ወረቀቱን አጥፌ አስረከብኩ።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሰው ግር ብሎ ሄደ፣ እኔም ሄድኩ። ከላይ ጀምሬ ሐዋን ፈለግኋት፣ የለችም። ወረድ አልኩ፣ የለችም። ታች፣ ታች፣ ከሷ በታች ያሉት የእኔው ሴቶች ብቻ። አንደኛ የወጣው ማን መሰለሽ? ከአጣቢዎቹ ክፍል አንዱ ነው፣ ከጆንያው ጀርባ ተኝቶ የሚውል! የአጣቢዎቹ አለቃ ጌታነህ ለሁሉም አምስት አምስት ሰጥቷቸዋል፣ እኩል ሲሆኑ ስሙ በፊደል ተራ ቀድሞ ነው ያ ከላይ የዋለው። "አምስት፣ አምስት፣ አምስት" ብሎ ሲጽፍ ይታየኛል። በኋላ ብጠይቀው "ምን ቸገረኝ፣ እኔ ሰው አላስከፋም" አለኝ።

ሐዋም አየች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም፣ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰችና መልቀም ጀመረች። ብትቆጣ፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እሾህ ትለቅማለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትለቅማለች፣ ታስቀምጣለች።

በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። "ልጄ፣ ወረቀቴን መልስልኝ፣ ተሳስቻለሁ" አልኩት።

"እማማ ዘነቡ፣ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ አይቀየርም" አለኝ።

"የእኔ ሦስት እኮ እንደ ሌላው ሰው ሦስት አይደለም!"

"እሱን ኮምፒዩተሩ በምን ያውቃል?" አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ግን "ዓርብ የቅሬታ ስብሰባ አለ። እዚያ ተነሥተው ሰው ፊት ይናገሩ። አሳማኝ ከሆነ እናያለን" አለኝ።

ሰው ፊት! እኔ ሰው ፊት ሰው ላመሰግን! ከዚያ ቀን እስከ ዓርብ ምግብ አልበላ አለኝ። መንገድ ላይ ብቻዬን እያወራሁ እሄዳለሁ፣ "ሐዋ ጎበዝ ናት... ሐዋ ጎበዝ..." እላለሁ፣ ሰው ያየኛል፣ ዝም እላለሁ። ቃሉ እኮ አፌ ላይ አልለመደም።

ዓርብ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰው ጢም ብሏል። ስሜ ተጠራና ተነሣሁ። እና አፌን ስከፍት ምን ወጣኝ መሰለሽ? "ይቺ ልጅ ግትር ናት!" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐዋ አንገቷን ደፋች። ያው ልማዴ ነው፣ ስወድ የምሰድብ ነኝ። "ግትር ናት" አልኩ ደግሜ፣ "ግትር ናት፣ ምክንያቱም ሂጂ ሰዓት ደርሷል ስላት ያቺን ጆንያ ሳትጨርስ አትሄድም። ካመማት እንኳ አመመኝ አትልም። አዲስ የገባችውን ልጅ እጇን ይዛ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ እያለች ሱፍ መለየት ያስተማረቻት እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።" ከዚያ የመቀሱን ነገር ተናገርኩ። "ያን ቀን እሷ ባትኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ቤታችሁ ነበራችሁ" አልኩ። ሳቁ ቆመ።

ጌታነህ ብድግ አለ። "እንዴ እትዬ ዘነቡ! ይሄን ሁሉ እያወቁ ሦስት የሰጧት እርስዎ አይደሉም? አሁን ምን መጣ? የእኔ ልጆች አምስት በማግኘታቸው ተናደው ነው እንጂ!"

"ጌታነህ" አልኩት፣ "አምስት አምስት የሰጠሃቸውን እስቲ አንድ በአንድ ምን እንደሠሩ ንገረን። ከላይ ጀምር። አንደኛ የወጣው ምን ሠራ?"

ጣራውን አየ። "እሱ... እሱማ... ጨዋ ልጅ ነው" አለ። ሰው ሁሉ ጉርምርም አለ፣ ራሱ ልጁም ሳቀ።

እኔ ታዲያ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "እሱ ሳያይ ሰጠ፣ እኔ እያየሁ ነፈግኩ። የእኔ ይብሳል። አራት ዓመት ጎበዝ ናት እያልኩ በልቤ ይዣት ኖርኩ፣ ለሷ አልነገርኳትም፣ ለእናንተ አልነገርኳችሁም። አሁን የሰው እንጀራ በእኔ ዝምታ ሊቆረጥ ነው።" ይህን ስል ከኋላ እነዚያ መራጮቼ ተነሡ፣ ሁለት ሁለት የሰጠኋቸው እኮ ናቸው! "እውነት ነው፣ ሐዋ ይገባታል!" አሉ። አየሽ ልብ?

ብሩክ እስክሪብቶውን አነሣ። "እሺ እማማ፣ ሰማን። እርስዎ አሁን ቢሆን ስንት ይሰጧታል?" አለኝ።

ሁሉም ያየኛል። ሐዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ፣ "አራት!" አልኩ።

ወይ ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ! ብሩክ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ምን ላድርግ፣ ከአራት በላይ ምላሴ እምቢ አለኝ! ግን ሰውዬው አስተዋይ ነበር፣ በእኔም በጌታነህም ወረቀት አልሄደም። ሁሉንም ሰረዘና ሳምንት ሙሉ እሱ ራሱ ከሁለት ሰው ጋር በየጠረጴዛው እየቆመ ሰው ሲሠራ አየ። ሐዋ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ረጅም ሰዓት ቆመ። ዓይኗን ሸፍና ሱፍ ስትለይለት "አይደረግም!" አለ። አንደኛ ወጣች። ደብዳቤዋን ሰው ሁሉ እያየ ሰጣት፣ "ቋሚ ሠራተኛ" የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበው። "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እያለች ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቀረች። ልጇ አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን አምስተኛ ክፍል ናት፣ እንዴት ያለች ቀልጣፋ መሰለችሽ።

ግን የነገረችኝን ልንገርሽ። ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ እኔ መጣች። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልበልዎት፣ አይቆጡም?" አለችኝ።

"በይ።"

"አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በሩን ስገባ፣ ዛሬ እትዬ ዘነቡ ያሰናብቱኛል እያልኩ ነው የምገባው። ወላሂ። ያን ዓርብ ሲናገሩ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ።"

አራት ዓመት! እኔ በልቤ "አንበሳዬ" እያልኩ፣ እሷ በፍርሃት ስትገባ ስትወጣ! አንዲት ቃል እኮ ነበረች። ምን ይጎድልብኝ ነበር? እኛ ሰውን የምናመሰግነው መቼ ነው፣ ስንቀብረው አይደል? ያኔ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ እንዲህ ነበር፣ እንዲያ ነበር እየተባለ ይለቀሳል፣ እሱ ምን ይሰማል? ያ ሽልማት የሚሉት ነገር የፈረንጅ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን አይመስለኝም። ሰው ደኅና መሥራቱን ሊነገረው ይገባል፣ በሕይወት እያለ፣ በጆሮው። ከዚያ ወዲህ ይኸው እየተለማመድኩ ነው፣ ባለፈው ለቧንቧ ጠጋኙ "ጎበዝ" ብለው "ምነው እማማ፣ የቀረ ሥራ አለ እንዴ?" አለኝ።

ምን አልሽ ሰናይት? "እማዬ፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን ጎበዝ ብለሽኝ አታውቂም።"

አንቺን? አንቺማ... ተይ እንጂ፣ ልጄ አይደለሽ እንዴ፣ ምን ብዬ... እኔን እናትሽን ሦስት ዓመት አስታመሽ፣ ወንድሞችሽን አስተምረሽ... እሺ። እሺ፣ ዝም በይ፣ እላለሁ። አምስት ነሽ። ከአምስት አምስት። ወይ ጉድ፣ አልኩት! ይኸው አልኩት፣ ምንም አልሆንኩም! ምነው፣ ምን ያስለቅስሻል አንቺ ደግሞ?