አሥራ አንድ ደብዳቤና አንድ ፊርማ

ቀለም ቀቢው ሥራ ላይ እያለ ሰው ሲያናግረው አይወድም። መሰላል ላይ ወጥቶ ወሬ የሚያበዛ ሰው ወይ ቀለሙን ይደፋል ወይ ራሱን ይደፋል ባይ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትገኝ ጠባብ ክፍል የመስኮቷን ክፈፍ እየቀባ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ሴት ወንበር እየጎተተች ገባች። ለአራተኛ ጊዜ ተመላልሳ አሥር ወንበር ክብ አድርጋ ስትደረድር ዝም ማለት አልቻለም። ምን ሊደረግባቸው እንደሆነ ከላይ ሆኖ ጠየቃት። እሷም የተማሪዎች አማካሪ መሆኗን፣ ከፊታችን ሐሙስ ጀምሮም ጭንቀትና ድባቴ የበረታባቸው ልጆች በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ተሰብስበው በቡድን ምክር እንደሚያገኙ በትህትና ነገረችው።

ሰውዬው ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጦ ወረደ። ኪሱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነበረው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ከሦስት ቀን በፊት «አባዬ፣ ፈርምልኝ» ብላ የሰጠችው የዚሁ ቡድን የፈቃድ ወረቀት ነው። እሱ ደግሞ አልፈርምም ማለት አቅቶት፣ መፈረምም አልወድ ብሎ ይዞት ይዞራል።

ክፉ አባት እንዳይመስላችሁ። ክፋቱስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ልጅቷ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ክፍል ፊት ቆማ የምትናገርበት ቀን ሲደርስ ደረቷን ይጨንቃታል፣ እጇን ያልባታል፣ ጠዋት ያስመልሳታል። ኋላ ኋላ ጓደኛዋንም ተወች፤ የዕረፍት ቀን ሲሆን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ጀመረች። እናቷ ሥራዋ ሩቅ አገር ነውና ቤቱን የያዙት አባትየውና እህቱ፣ የልጅቷ አክስት፣ ናቸው። ሁለቱም አንጀታቸው አይችልም። ልጅቷ ገና «ዛሬስ…» ብላ ስትጀምር አንዳቸው ብዕር ያነሱና «ልጃችን ታማብናለች» የሚል ደብዳቤ ይጽፋሉ። አባት አክስት መጻፏን አያውቅም፣ አክስትም አባት መጻፉን አታውቅም። ፍቅር ነው፤ ግን ዕውቀት ያልነካው ፍቅር ነው።

አማካሪዋ የማን አባት እንደሆነ ስትሰማ ከቦርሳዋ አንድ አቃፊ አወጣች።

«ጋሼ፣ በዚህ ዓመት ከቤትዎ የመጡ ደብዳቤዎች ናቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ስድስቱ የሆድ ሕመም፣ ሦስቱ የጥርስ፣ ሁለቱ ደግሞ የአያቷ ቀብር ይላሉ። ሴትዮዋ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀብረዋል።»

ሰውዬው ደብዳቤዎቹን እያገላበጠ የራሱንም የእህቱንም እጅ ጽሑፍ ለየ። ፊቱ ከፊቱ ላይ ከተረጨው ቀይ ቀለም ጋር አንድ ሆነ።

«ለመሆኑ አያቷ ደህና ናቸው?»

«አማቴ ደህና ናት» አለ አቀርቅሮ። «ትናንት እንኳን ደውላ ስትቆጣኝ ነበር።»

አማካሪዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩን ሳትሸፍን ነገረችው። ልጅቷ ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳን ከቀረች፣ በተለይ በመጨረሻው ወር ክፍል ፊት የምታቀርበውን ሥራ ካላቀረበች፣ ዓመቱን ትደግማለች። መሐንዲስ ሆኜ ድልድይ እሠራለሁ የምትል ልጅ ናት፤ አባቷም ይህን ያውቃል።

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?» አለ ሰውዬው። «እያስመለሳት አንጠልጥዬ ልውሰዳት?»

«የለም፣ ማንም አያስገድዳትም። ግን ልብ ይበሉ። ደብዳቤው በተጻፈ ቁጥር ያን ቀን እፎይ ትላለች። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ፍርሃቱ ጨምሮ ይመጣል። የሰፈር ውሻ አንዴ ካበሉት በማግስቱም ደጅዎ ነው።»

ይህ ነገር ሰውዬውን ወጋ አደረገው። ቢሆንም በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረምና ወደ ዋናው ቅሬታው ገባ። የቤት ገመና ለባዕድ አይነገርም፤ አባቱም የአባቱም አባት የከፋቸውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብለው ነው የኖሩት። አሁን ልጁ በማታውቃቸው ልጆች መሃል ተቀምጣ አለቀስኩ፣ ፈራሁ ልትል ነው? ነገ መንገድ ላይ ቢጠቋቆሙባትስ?

አማካሪዋ ሳታቋርጠው ሰማች። ከዚያ በክፍሉ የተሰማ በክፍሉ እንደሚቀር፣ ልጆቹ ራሳቸው ቃል እንደሚገቡበት፣ መናገር ያልፈለገም ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚችል፣ ልጅን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከተሰማ ብቻ ለወላጅ እንደሚነገር አስረዳችው። «እነዚያ የቀድሞ ሰዎች ሆድ ይፍጀው ሲሉ ሆዳቸው በእርግጥ ፈጅቶላቸው ነበር?» ብላም ጠየቀችው። ሰውዬው አባቱን አስታወሰ። በሩን ዘግቶ ለሳምንታት ከማንም ጋር የማይነጋገርባቸው ጊዜያት ነበሩ።

«ዘጠኝ ልጆች ናቸው» አለች። «ዘጠኙም እንዲህ የሆንኩት በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ያምናሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?»

«ተረትሽስ ጥሩ ነው። እሺ፣ ፍርሃቱን በስንት ሳምንት ታባርሪላታለሽ?»

«አላባርርላትም።»

ሰውዬው የሰማውን ማመን አቃተው። የማያድን ሐኪም አይቶ አያውቅማ። ታዲያ ይህ ሁሉ ወንበር ለምን ተደረደረ ብሎ ሊቆጣ ሲል፣ አማካሪዋ ወደ መሰላሉ እያየች ስንት ዓመት እንደሠራበት ጠየቀችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ብሎ መለሰላት።

«ከፍታ ያስፈራዎታል?»

ሰውዬው ወደ በሩ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየ። ይህን ለገዛ እህቱ እንኳን ነግሯት አያውቅም።

«ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ዛሬም ድረስ።»

«ሲንቀጠቀጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርገዋለሁ? ገመዴን ጠበቅ አድርጌ እቀባለሁ። እሱ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ እቀባለሁ። እስኪተወኝ ብጠብቅ ኖሮ ልጄን በምን አሳድጋት ነበር?»

«እኔም ለልጆቹ የማስተምረው ይህንኑ ነው» አለች አማካሪዋ። «ፍርሃት ሲመጣ ከመታገል ቦታ ሰጥቶ ማስቀመጥን፤ ‹አልችልም› የሚል ሐሳብ ሲመጣ ሐሳብ እንጂ ትእዛዝ አለመሆኑን፤ ከዚያ እየፈሩም ቢሆን ለሚወዱት ነገር አንድ እርምጃ መራመድን። እርስዎ ‹ለልጄ› ብለው ወጡ። እሷም ለድልድይዋ ትውጣ።»

ሰውዬው የቀለም እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ወረቀቱን መሰላሉ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ግትር ነውና፣ በሰባተኛው ሳምንት ለውጥ ካላየሁ አስወጣታለሁ የሚል ቃል ጨመረበት።

ሰባተኛው ሳምንት ደረሰ። አባት ልጁን እራት ላይ ፍርሃቱ ለቀቀሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አልለቀቀኝም አለችው። ይኸው፣ ውሃ ወቀጣ ነው፣ ነገውኑ ሄጄ አስወጣሻለሁ ብሎ ማንኪያውን አስቀመጠ። ልጅቷ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ፍርሃቱማ አለ። ጠዋት ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። ግን በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ቀርቻለሁ? መጀመሪያ ከቡድኑ ጋር ክብ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ። ጓደኛዬንም እኔው ደውዬ አገኘኋት። እባክህ፣ ዓርብ ድልድዬን ላቅርብ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን አድርግ።»

ሰውዬው ቆጠረ፤ በእርግጥም አንድ ደብዳቤ አልተጻፈም። የሚፈልገውን ምልክት ሲጠብቅ፣ ዓይኑ ሥር የነበረውን ለውጥ ሳያይ ሰባት ሳምንት ማለፉ አሳፈረው። ልጆቻችንን ስንመዝን አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እንዲህ ነው። ምን ያህል ይፈራሉ ብለን እንጠይቃለን እንጂ እየፈሩ ምን ሠሩ ብለን አንጠይቅም።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷን አስመለሳት። ከክብሪት እንጨት የሠራችው ድልድይ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እሷ መታጠቢያ ቤት ተንበርክካለች። አክስት ብዕርና ወረቀት አወጣች። «ዛሬ ብቻ» አለች። ልጅቷ ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ ሁለቱን አየቻቸው። ፊቷ ገርጥቷል። የአባትም ልብ በዚያች ሰዓት ወደ ብዕሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሊጽፍ ምንም አልቀረውም። ከእህቱ እጅ ብዕሩን ወሰደ። ጨብጦት ቆመ። ከዚያ ኪሱ ከተተውና የልጁን ቦርሳ አነሳላት።

«ምን ልርዳሽ?» አላት።

«እስከ በሩ አብረኸኝ ሂድ። ከዚያ እኔ እገባለሁ።»

ሄዱ። በሩ ላይ ቦርሳዋንና ድልድይዋን ተቀብላው ገባች፤ እሱም የዕለቱን ሥራ ትቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እየሮጠች ወጣች። መሃል ላይ ወረቀቱ እጇ ላይ መንቀጥቀጡን፣ ድምፅዋ መጥፋቱን፣ ያኔ «እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ» ብላ ለክፍሉ መናገሯን፣ ተንፍሳ እስከ መጨረሻው ማቅረቧን አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበች ነገረችው። መምህሩ ድልድዩ ላይ ሦስት መጽሐፍ ጭኖ አልተሰበረም። ወደሚቀጥለው ክፍል ማለፏም ተነገራት። ሰውዬው የቀለም ልብሱን ሳያስብ አቀፋት፤ የደንብ ልብሷ ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀረባት፤ ግድም አልሰጣት።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አማካሪዋ ሁለተኛ ቡድን ለመክፈት ፈቃድ ስትጠይቅ አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ ባለሱቅ ገመናችን ለአደባባይ ሊወጣ ነው ወይ ብሎ ተነሳ። ያን ጊዜ በሕይወቱ በሰው ፊት ንግግር አድርጎ የማያውቀው ቀለም ቀቢ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጁን አይቶ እሺታዋን ሲያገኝ እጁን አወጣ። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ነገራቸው። አሥራ አንዱን ደብዳቤ፣ ሁለት ጊዜ የተቀበረችውን አማቱን፣ የራሱን ጉልበት ሳይቀር። ልጁ ዛሬ በየቀኑ ትምህርት ቤት እንደምትውል፣ ከጓደኞቿ ጋር እንደምትስቅ፣ የከፋት ቀን ከፍቶኛል ብላ ለእሱ እንደምትነግረው፣ ቤቱ ከውሸት እንደተገላገለ አስረዳ። «ልጆቻችን የማይፈሩ እንዲሆኑ አንመኝ» አለ። «እየፈሩ የሚኖሩ ይሁኑ፤ እኛም እንዲሁ።»

ባለሱቁ ተቀመጠ፤ ቆየት ብሎም እስክሪብቶ ተዋሰ። በዚያ ቀን አሥራ ሰባት ወላጆች ፈረሙ። ሲወጡ ልጅቷ አባቷን ክንዱን ይዛ፣

«አባዬ፣ ሙሉውን ተንቀጥቅጠህ ጨረስከው» አለችው።

«አዎ» አላት፣ «ሙሉውን ጨረስኩት።»